ከማድ ቤቱ ጀርባ የነበረው ካርቶን

ትናንት ላንቻ፣ አንድ እንጨት ቤት በር ላይ፣ ዝናብ የነካው ሰጋቱራ ተከምሮ ነበር። ከላይ ቀዝቃዛ፣ ከስሩ ሞቅ ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ሽታ አለው። ታክሲ ላይ ለመድረስ እየሮጥኩ ነበር፤ እግሬ ቀጥ አለ። ታክሲው ጥሎኝ ሄደ። በቃ፣ እንዲህ ነው የሚይዘኝ። ልንገርሽና ይውጣልኝ።

ካዛንቺስ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበርን፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም፤ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከም ነበር። የመጀመሪያዋን እባብ ያገኛት እዚያ ነው፤ ቡናማ፣ ክንድ ተኩል የምትሆን፣ አይጥ በአፏ እንደያዘች። ሰው ሁሉ ዱላ ሲፈልግ እሱ ሹራቡን አውልቆ ጠቀለላትና ቤት ይዟት መጣ። "መርዝ የላትም፣ አይጥ ብቻ ነው የምትበላው" አለ። እናቴ አማተበች። "ከስቶር አንድ እርምጃ ብትወጣ እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ!" እባቧ አልወጣችም፤ እናቴም አልወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ወንድ አገኘላት። የተበላሸ ቴሌቪዥን ሆዱን አውጥቶ ለእሷ ቤት ሠራላት፤ ወንዱን በሌላ ሣጥን አስቀመጠው። አይጥ ከወፍጮ ቤት በወጥመድ እየያዘ በጣሳ ያመጣል። ሴቷ ቆዳዋን እስክትጥል ጠብቆ ወንዱን ያስገባላታል፣ ከዚያ ይለያቸዋል፣ ሁሉንም ደብተር ላይ ይጽፋል። መቼ በላች፣ መቼ እምቢ አለች። ተማሪ እያለ እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባው ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስታርፍ እባቧ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሞቃለች። እሱ ደግሞ እሷን ይሞቃል።

ድሮ ያስተማሩት የባዮሎጂ መምህር ሜክሲኮ አካባቢ ይሠሩ ነበር። ሄዶ ነገራቸው። "አንድ ቤተ ሙከራ እንስሳት የሚንከባከብ ሰው ይፈልጋል" አሉት። "አስፈልፍለህ አሳየኝና ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ ሌላ ሰው ሆነ። ማታ ዱቄት መስሎ ሲመጣ እንኳ ያፏጫል።

እንቁጣጣሽ ሰሞን ሴቷ እንቁላል ጣለች። እኔ ግን ይህን አላወቅኩም። ጎረቤቱ በሁለቱ እባቦች ብቻ ያጉረመርም ነበር፤ ሌላ አሥራ ምናምን እንደሚጨመር ቢሰማ ዱላ ይዞ ይመጣ ነበር። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አፌ አያርፍም። "አንቺ ቱልቱላ!" ነበር የሚለኝ። ስለዚህ ደበቀኝ። እንቁላሎቹን ካርቶን ውስጥ፣ በእርጥብ ሰጋቱራና በበሰበሰ ቅጠል መሃል ቀበራቸው፤ ከላይ የሽንኩርት ልጣጭ በተነበት። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ሞቅ የሚልበት ጋ አስቀመጠው። ቆሻሻ ማን ከፍቶ ያያል? ከሁለት ወር በላይ ማንም አልነካውም።

ከዚያ ህዳር ሲታጠን ደረሰ። በዚያ ቀን በሽታ እንዳይገባ ሰፈሩ ሁሉ ጓሮውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ወንድሜ ጠዋት ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ እየሮጠ ወጣ። ወዴት እንደሆነ አልተናገረም። ቀኑ ምን እንደሆነም ያስታወሰ አይመስለኝም።

"አንቺ ቀዥቃዣ፣ ዝም ብለሽ ከምትዞሪ ጓሮውን ጥረጊ" አለች እናቴ።

ጠረግኩ። ስጀምር ደግሞ አያድርስ ነው፣ አንዲት ቅጠል አልተውኩም። ካርቶኑን ሳነሳው ከስሩ ይሞቅ ነበር። ሲበሰብስ እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት። እንዳለ እሳቱ ላይ ዘረገፍኩት። መጀመሪያ ቺስ አለ፣ ቀጥሎ ጧ ጧ። ሽንኩርት መሰለኝ። ያ ሙቀት አሁንም መዳፌ ላይ አለ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ታጥቤው አልለቀቀኝም።

ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ሰው ከሰው አይተያይም ነበር። ወንድሜ ከጭሱ ውስጥ ብቅ አለ፤ ከኋላው መምህሩ፣ ክራቫት አስረው፣ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ ይዘው። ወንድሜ ይስቃል። "ቲቸር፣ በዚህ በኩል ይግቡ፣ ጭሱ አያስቸግርዎት።" ወደ ግድግዳው ሄደ። መሬቱ ላይ የካርቶኑ እርጥብ ምልክት ብቻ ነው የቀረው።

"እዚህ የነበረውስ?"

"ቆሻሻው? አቃጠልኩት" አልኩ። ኮርቼ ነበር እኮ።

አልጮኸብኝም። ምነው በመታኝ። ወደ መምህሩ ዞሮ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ ደብተሩን ቤት እንደረሳ ልጅ፣ "ዛሬ ጠዋት አንዱ እንቁላል ተቀዶ ነበር፤ አፍንጫውን አይቼዋለሁ" አላቸው። "እውነቴን ነው ቲቸር።"

"አይዞህ፣ ሌላ ጊዜ" አሉና ሰዓታቸውን አዩ።

ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አልመጣም። ቤተ ሙከራው ሌላ ሰው ቀጠረ። ወንድሜ እባቦቹን በሳምንቱ በጆንያ ይዞ ወንዝ ዳር ወስዶ ለቀቃቸው፤ ጆንያውን አጣጥፎ ተመለሰ። ደብተሩን የት እንዳደረሰው አላውቅም። ዛሬ መስቀል ፍላወር፣ አንድ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ይጠብቃል። ሳገኘው "ደህና ነሽ?" ይለኛል፣ ደህና ነኝ እለዋለሁ፣ በቃ፣ ወሬያችን ያልቃል።

ያኔ ግን፣ መምህሩ እንደሄዱ፣ አመዱን በባዶ እጁ ቆፈረ። ካርቶኑን ስዘረግፍ አንድ እንቁላል ከእሳቱ ዳር ወድቆ ነበር፤ ግማሹ ጠቁሯል። በካልሲ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ፣ ከሸሚዙ ስር ከተተው። ወፍጮ ቤት አልሄደም። እንዳይጫነው በጀርባው ብቻ ነበር የሚተኛው።

በስድስተኛው ቀን ይሁን በሰባተኛው እንቁላሉ መሽተት ጀመረ። እኔ ገባኝ። እናቴም ገብቷት አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኔ ለመንኳት፤ ምሳ አቀረበችልን። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ከአንድ ሳህን ምሳ በላን። መሃል ላይ ጉርሻውን አቁሞ እጄን ያዘና ደረቱ ላይ አስቀመጠው።

"አሁን የተንቀሳቀሰ አልመሰለሽም?"

ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም፤ የእሱ ልብ ብቻ ነበር የሚመታው።

"መሰለኝ" አልኩት።