ሌላ ባቡር አነሳው

አዳማ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚያስብል ስለሆነ ልጄ ናሆም ክፍሉን ዘግቶ የሚያየውን ፊልም ሁሉ ሳልፈልግ እሰማለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ከዚያው ክፍል አንድ ዜማ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ጡሩምባ ዝግ ብሎ ጀመረ፣ ቀጥሎ ከበሮ የሚመስል ነገር ገባበት፣ ከዚያ እየጨመረ እየጨመረ ሲሄድ እኔ ቢላዋዬን እንደያዝኩ «ባቡሩ መጣ!» ብዬ ጮኽኩ። ናሆም በሩን ከፍቶ አየኝ። እኔም ራሴን ታዘብኩት፣ እነዚያ ሁለት ቃላት ከአፌ ከወጡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነውና።

ለካ በልጅነቴ ያየሁት የሕዋ ተከታታይ ፊልም፣ ከድሮ ተዋንያኑ በሕይወት የቀሩት ተሰባስበውበት፣ እንደ አዲስ ተሠርቶ ተመልሷል። ናሆም ፊልሙ መጀመሪያ ሲታይ ገና ያልታሰበ ልጅ ቢሆንም የድሮውን አንድም ሳያስቀር አይቶታል፣ ስልኩ ላይም ከየአገሩ የተሰበሰቡ አድናቂዎች ቀን ከሌት የሚጨቃጨቁበት ቡድን አለው። የሰሞኑ ጭቅጭቅ በድሮው ፊልም የሞተ አንድ ወጣት መካኒክ በአዲሱ ሽማግሌ ሆኖ በመመለሱ ነው። ግማሾቹ በደስታ እያለቀስን ነው ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ በትዝታችን ሊነግዱብን ነው ብለው ይሳደባሉ። ናሆም ከተሳዳቢዎቹ ወገን ነው።

«ማሚ፣ ሰውዬው እኮ ሞቷል። ሽማግሌ ለማስለቀስ ብለው ከመቃብር አወጡት» አለኝ።

«መች ሞተ? ሌላ ባቡር ነው ያነሳው» አልኩት።

ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ የድሮውን ፊልም ፈልጎ ከፈተልኝ። ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ግን እኛ አሰበ ተፈሪ ላይ እንዴት እናየው እንደነበር መናገር አለብኝ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባም።

አባቴ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ሲሆን እኔ ግን እዚያው ተወልጄ አማርኛውንና ኦሮምኛውን አንድ ላይ የለመድኩ ልጅ ነበርኩ። የቀበሌያችን አዳራሽ ድሮ የጫት ነጋዴ መጋዘን ስለነበር፣ ከተወረሰ ከስንት ዘመን በኋላ እንኳ ዝናብ በመታው ቁጥር ግድግዳው የደረቀ ገራባ፣ ማለትም የጫት ትርፍራፊ፣ ይሸታል፣ እኛ ልጆችም ያ ሽታ የቴሌቪዥኑ ይመስለን ነበር። ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ቁልፉን ሊቀመንበሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል፣ ሳጥኑ እስኪከፈት ደግሞ ስለ እህል ምርትና ስለ መሠረተ ትምህርት የሚደረገውን የቅዳሜ ውይይት ቁጭ ብሎ መስማት ግዴታ ነው። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል እጁን የሚያወጣ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲረገም ይከርም ነበር።

ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው። ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ቆሞ ወደ አማርኛ የሚመልስልን ከጎጃም የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቲቸር ንጉሤ ነበር፤ በስተግራ ደግሞ ልብስ ሰፊው ኡመር ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ ይቆምና የቲቸርን አማርኛ ተቀብሎ ወደ ኦሮምኛ ያሻግራል፣ የአዳራሹ አብዛኛው ሰውም የሚጠብቀው እሱን ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቲቸር «መንኮራኩር» የሚል ቃል አወጣ። ኡመር ቲቸርን አየ፣ ጣራውን አየ፣ ትንሽ አሰበና «ባቡር» አለ። ባቡርን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሚኤሶ ጣቢያ ወርዶ የድሬዳዋውን ያልጠበቀ ሰው በከተማችን አልነበረም፣ ሰማይ ላይ ይሂድ ምድር ላይ ይሂድ ሰው ጭኖ እየጮኸ የሚሄድ ትልቅ ብረት ሌላ ምን ሊባል ነው? ከዚያ ወዲያ ቲቸርም ተሸነፈ፤ ከዋክብቱ ጣቢያ ሆኑ፣ ካፒቴኑም ሾፌር ተባለ፣ ዜማው ሲጀምርም እኛ ልጆች «ባቡሩ መጣ!» ብለን እንጮህ ነበር። የፊልሙን ትክክለኛ ስም የሰማሁት ባለፈው ቅዳሜ ከናሆም ነው፣ እሱንም ወዲያው ረሳሁት።

ሾፌሩ ብዙ ይናገራል፣ ቲቸር ያሳጥረዋል፣ ኡመር የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል። አንድ ጊዜ በሆነ ቀይ አገር ላይ ባለ ሦስት ዓይን ፍጡራን እርስ በርስ ሲተላለቁ፣ ቲቸር ምክንያቱን ሊያስረዳ ትንሽ ሲንተባተብ፣ ኡመር ጠቡ የግጦሽ ነው ብሎ ገላገለን፤ ከአሰቦት በረሃ የመጡ እንግዶች አዳራሹ ውስጥ ነበሩና ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደዚህ ያለ ጠብ በሽማግሌ ካልሆነ በጥይት አያልቅም ተባባሉ።

አዴ ሞሚና መናኸሪያው በር ላይ ጫት የምትሸጥ ሴት ነበረች። አዴ ማለት በእኛ አገር እናት እንደማለት ነው፣ እርስዎ ማለትን አፋችን ብዙም ስለማያውቀው አባቴ «ትልቅ ሰው አንቺ ይባላል እንዴ!» እያለ ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ የነበረው በእሷ ምክንያት ነው። አንድ ልጅ ነበራት፣ አብዲ የሚባል፣ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ የሚታይ። ሂርና ገበያ ዕቃ ሊገዛ በሄደበት አፈሳ ደረሰበትና ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ፤ አንዱ አስመራ ላይ አየሁት ይላል፣ ሌላው የለም ጎንደር ነው ይላል፣ እሷም የሁሉንም እየሰማች ጫቷን ውሃ ትረጫለች።

አንድ ቅዳሜ ለውይይቱ ተገዳ መጣችና ፊልሙ ሲጀመር ልትወጣ ስትነሳ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ፊቱ ግራሶ የጠጣ፣ የብሎን ቁልፉን ኪሱ ውስጥ የሻጠ አንድ ወጣት ቴሌቪዥኑ ላይ ከባቡሩ ሞተር ሥር እየተሳበ ወጣ። አዴ ሞሚና ተመልሳ ተቀመጠች። አብዲን ነው የሚመስለው አለች። ኡመር የሰማውን ሁሉ መተርጎም ልማዱ ሆኖ ነገሩን ለአማርኛ ተናጋሪዎችም አሳወቀ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ መካኒኩ አብዲ ሆነ። ልጁ ፈረንጅ መሆኑ ማንንም አላስጨነቀም። አብዲ በኦሮምኛ ተስፋ ማለት ስለሆነ ስሙም ለባቡር መካኒክ መጥፎ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ አላስቀረችም። ለኡመር ምላሱ እንዲፈታ ለጋ ለጋውን ጫት መርጣ ታመጣለታለች። የባቡሩ አብዲ ከእሳት ሲወጣ እሷም ሳምንቱን ፊቷ በርቶ ትሰነብታለች፣ መናኸሪያ ስናልፍ ስኳር ታቀምሰናለች፤ የቆሰለ ጊዜ ደግሞ መስጊድ ደጃፍ ላሉት ሰደቃ ሰጠች፣ ለፈረንጅ ተዋናይ ሰደቃ ያወጣች ሴት ከእሷ ሌላ መኖሯን እንጃ። ትልልቆቹ መጀመሪያ ሳቁባት፣ በኋላ ግን መሳቁን ተዉት። የባቡሩ ልጅ ደህና እስከሆነ ድረስ የእሷም ልጅ ደህና ነው ብላ እንደያዘች ሁሉም ገብቶት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አብዲ የተበላሸ ነገር ሊጠግን ገመድ ታስሮ ከባቡሩ ውጭ ወጣ። ገመዱ ተበጠሰ። እየተንሳፈፈ፣ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ከጨለማው ጋር አንድ ሆነ። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ፣ ተሳፋሪዎቹ ተሰልፈው ቆሙ፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ። ሁላችንም ወደ ቲቸር ዞርን። ቲቸር ንጉሤ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም።

«ማል ጄዴ?» አለች አዴ ሞሚና፤ ምን አለ ማለቷ ነው። ዓይኗ ኡመር ላይ ነበር።

ኡመርም ከቲቸር አንድ ቃል ሳይቀበል፣ ሜትሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ በኦሮምኛ ሌላ ባቡር አነሳው አላት። ከኋላ ይመጣ የነበረ ባቡር አየውና አነሳው፣ መንገዱ ሌላ ስለሆነ ቶሎ አይገናኙም እንጂ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምሰማ ቲቸር ገና ምንም እንዳላለ አውቄአለሁ፣ ግን ልጅ ነኝና የገረመኝ ኡመር እንግሊዝኛ መቼ እንደተማረ ብቻ ነው። ቲቸር ንጉሤ ክፍል ውስጥ አንዲት የሰዋስው ስሕተት የማያሳልፍ፣ በአንድ ፊደል የሚያንበረክክ ሰው ነበር። ኡመርን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እኛ ዞሮ «አዎ፣ ሌላ ባቡር አነሳው» አለ። ኦሮምኛው ቀድሞ አማርኛው ሲከተል ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

መካኒኩ ከዚያ በኋላ አልታየም፣ ወሬው ግን አልተቋረጠም። ሾፌሩ ሬዲዮኑን ባነሳ ቁጥር አዴ ሞሚና ቀና ትላለች፣ ቲቸርም ከአብዲ ጋር እየተነጋገረ ነው ይላል፣ ኡመር ደግሞ አብዲ ምን እንደበላና የት ጣቢያ እንዳደረ ይጨምርበታል። እንግሊዝኛ ከሚሰሙት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንዱ «ቲቸር፣ እሱ እኮ...» ብሎ ሲጀምር ከጎኑ ያለው በክርኑ ደቁሶ ዝም አሰኘው። ከቀበሌያችን ወጣቶችን ለውትድርና እየመለመለ የሚልከው ሊቀመንበሩ ራሱ፣ አንድ ቅዳሜ ሳጥኑን ከፍቶ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ማንንም ሳያይ «ዛሬ አብዲ ምን ይል ይሆን» ሲል ሰምቼዋለሁ። ያን ሁሉ ሰው ማን እንዳስማማው አላውቅም፣ ስብሰባ አልተጠራበትም። ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት እንጂ።

በኋላ ፊልሙ አለቀ፣ ቲቸር ንጉሤም ተዛወረ። ደርግ ሲወድቅ ወታደሮቹ በሐረር መንገድ በእግራቸው ተመለሱ፣ ልብሳቸው አልቆ፣ አንዳንዱ በሸራ ጫማ አንዳንዱ ያለ ጫማ። አዴ ሞሚና ጫቷን ትታ ውሃ በጀሪካን ይዛ መንገድ ዳር ተቀመጠች፣ ላጠጣችው ሁሉ የልጇን ስም ትናገራለች፣ አላውቀውም ሲላት «እንግዲህ ሌላ ባቡር አንስቶት ይሆናል» ትላለች። ከወታደሮቹ አንድም ምን ማለቷ እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም። ሰልፉ እየሳሳ ሄዶ ሲቋረጥም እሷ መቀመጧን አልተወችም። እኛ ከተማውን ለቀን አዳማ ስንገባ እዚያው ነበረች፣ ያለፈችውም እንደዚያው ስትጠብቅ ነው ብለው ነገሩኝ። ኡመርም ከእሷ በኋላ ብዙ አልቆየም።

እንግዲህ ናሆም የከፈተልኝ ያንን ቀን ነው። ገመዱ ተበጠሰ፣ ልጁ እያነሰ ሄደ፣ ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ዝናብ ያገኘው ገራባ ሸተተኝ ብል አልዋሸሁም። የእኔ እንግሊዝኛ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ስለማይበቃ፣ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ የሚናገረውን ተርጉምልኝ አልኩት።

«መሞቱን ነው የሚናገረው፣ የቀብር ንግግር ነው» አለኝ ናሆም። «መጨረሻ ላይ ደግሞ ለእናቱ ምን ብዬ እነግራታለሁ ይላል።»

መልሼ አስከፈትኩት። አንድ እንግሊዝኛ የማያውቅ ልብስ ሰፊ የሾፌሩን ጥያቄ ሳይሰማ እንደመለሰው፣ ቲቸር ንጉሤ ኡመርን ያን ያህል ጊዜ ለምን እንዳየውም ያኔ ገባኝ። ለናሆም ግን «በል አዲሱን ክፈትልኝ» ብቻ አልኩት።

ከዚያ አዲሱን አብረን አየን። የባቡሩ በር ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ገባ፣ ፀጉሩ ነጭ፣ እንደ ድሮው የተንጨባረረ፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ። የት ነበርክ አሉት። ናሆም በንዴት እየተረጎመ ነገረኝ፤ ከኋላ የመጣ ሌላ መንኮራኩር አግኝቶ አነሳኝ፣ መንገዱ ሌላ ሆኖብኝ ዘገየሁ ይላል። የናሆም ስልክ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የዓለም አድናቂ በሙሉ እየተሳደበና እየሳቀ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የማይታመን ሰበብ አጥተው ነው? ምን ዓይነት ሞኝ ነው ይሄን የሚቀበል? እያሉ። አልፈርድባቸውም፣ ፊልሙን በትክክል ነው ያዩት። እኔ ግን ይሄን ወሬ የሚጠብቅ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አውቅ ነበርና፣ አሁን ማን ዘንድ ልደውል፣ ማን ቤት ልሂድ ብዬ አሰብኩ። አንድም ሰው አልመጣልኝም።

«አብዲን ዱፌ» አልኩ ለራሴ።

ናሆም ኦሮምኛ አይሰማም። «ምን አልሽ?» አለኝ።

«አብዲ መጣ ማለት ነው።»

«አብዲ ማነው?» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።