ያዝጌልዲ ሰላም ያለው ካፖርት

ያዝጌልዲ በካራኩም በረሃ መንገደኛ እየጫነ ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቷል። ከእኛ መንደር ከተማ ለመድረስ ድሮም ዛሬም ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አስፋልቱ ግማሹ ተቦጫጭቋል፣ ግማሹን አሸዋ ውጦታል። እሱ ግን አሸዋው ሲመጣ ጎማ አስተንፍሶ፣ ሲያልፍ መልሶ ነፍቶ፣ መሀል ላይ ሻዩን ጠጥቶ ይደርሳል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁ ዋና ከተማው ወስዶ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሊያኖረው ይፈልጋል።

"እዚያ ወጥቼ ምን አያለሁ?" ይላል ያዝጌልዲ።

ነገሩስ ማየቱ ላይ ነበር። እኔ የግመል እርጎዬን ልሸጥ በየሳምንቱ ስሄድ ጋቢና ነው የምቀመጠው። አንድ ሰሞን ግመል ባለፍን ቁጥር "እማማ ኦጉልሶልታን፣ የማን ግመል ናት?" ማለት አመጣ። ድሮ እኮ የግመል ምልክት ከሩቅ አይቶ የባለቤቷን ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ነው። ዓይኑ እንደከዳው ገባኝ። እኔ ዝም ስል ያየ ሰው የለም፣ ያኔ ግን ዝም አልኩ። ልጁ ከሰማ ሰባተኛ ፎቅ ነዋ።

ብርዱ ሲጀምር አንድ ቀን መምህር ቻሪ ከኋላ ተሳፈረ። ቻሪ የልጁ ባልንጀራ ነው፣ ያየውን ሳያድር ደውሎ ይነግረዋል። መሀል መንገድ ካለው የውሃ ጉድጓድ ስንደርስ፣ አንዱ እረኛ የበግ ቆዳ ካፖርቱን እንጨት ላይ ሰቅሎ፣ ባርኔጣውንም አናቱ ላይ ደፍቶበት ሄዷል። ያዝጌልዲ መኪናውን አቆመ። ሽማግሌን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ወርዶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደህና ነዎት? ልጆች ደህና? ከብቱስ?"

ካፖርቱ ዝም።

"ውሃው አልጎደለም?" አለ ደግሞ።

"ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?" አለኝ ቻሪ። ሳቁ አፉ ላይ ደርሷል።

"ከአያቱ ጋር ነዋ። እዚህ አይደል እንዴ የተቀበሩት፣ ጻድቁ ሰውዬ። አታውቅም? የተማርክ መስሎኝ።"

"አውቃለሁ እንጂ" አለ ቻሪ። መምህር አላውቅም አይልም።

"ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ውረድ።"

ወረደ። መዳፉን ዘርግቶ ጸለየ፣ ፊቱን አበሰ። ያዝጌልዲም ግራ ገብቶት አብሮ አበሰ። እኔም ጻድቅ መቃብር ላይ እንደሚደረገው ከሻሼ ጫፍ ቀድጄ የካፖርቱ እጅጌ ላይ አሰርኩ። አሮጌ ሻሽ ነው።

"እማማ፣ ማን ነው የሞተው?" አለኝ ያዝጌልዲ መኪና ውስጥ፣ በሹክሹክታ።

"ንዳ። በስተግራህ አስፋልቱ ተቦርቡሯል።"

ቻሪ ከተማ ገብቶ ለሁሉም አወራ። በሳምንቱ ስናልፍ ካፖርቱ ላይ ስምንት ጨርቅ ታስሮበታል። እረኛው ሊወስደው መጥቶ፣ ጨርቁን ሲያይ እሱም ፊቱን አብሶ ተመለሰ አሉ። የሟች ባሌን ካፖርት ላክሁለት፤ ትንሽ ብል በልቶታል እንጂ ይሞቃል።

በጸደይ ያዝጌልዲ አንዲት ፍየል ሊገጭ ለጥቂት ሳታት። ያን ዕለት ቁልፉን ለእህቱ ልጅ ሰጠና ጓዙን ይዞ የውሃ ጉድጓዱ ጋ ሰፈረ። አሁን ለመንገደኛ ሻይ ያፈላል፣ መኪናውን በድምፁ ይለያል። ከዋና ከተማው ልጁ ሊወስደው ሲመጣ የተቆጣው ማን መሰላችሁ? ቻሪ።

"የጻድቁን የልጅ ልጅ ከአያቱ መቃብር ልታነሳ ነው?" አለው። ልጁም ብቻውን ተመለሰ።

ባለፈው ሳልፍ ወረድኩ።

"እማማ፣ ለመሆኑ አያቴ የተቀበሩት ሌላ ቦታ፣ ከወንዝ ማዶ አልነበረም?" አለኝ ያዝጌልዲ።

"ሻዩን ቅዳ" አልኩት።