መልሱ «ሐ» ነው

ከእሷ ጋር በአንድ የመምህራን ክፍል፣ ያውም በአንድ ጠረጴዛ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠናል። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ እሷ ሒሳብ። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ የምናደርገውን እጥፍ ወረቀት እየተፈራረቅን ለመቀየር ተስማምተናል። እሷ ትረሳለች፣ እኔ እቀይራለሁ። ተማሪዎች «አቋራጭ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ታውቀዋለች፣ ደስም ይላታል።

ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች አራት አራት ምርጫ አላቸው፤ የሒሳቡ ምርጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራል። «ምን አደከማችሁ?» ትላለች ክፍል ገብታ። «ከሐ ጀምሩ። ሐን ጥያቄው ውስጥ ክተቱት። ከበዛ ወደ ለ ውረዱ፣ ካነሰ መ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።» በዚህ ዘዴ ትምህርት ቤታችን ከከተማው አንደኛ ወጣ። ርእሰ መምህሩ ውጤቱን በትልቅ ጨርቅ አጽፎ በሩ ላይ ሰቀለው። እኔ በቅናት በገንኩ። የኬሚስትሪን ውጤት ማን ጨርቅ ላይ ይጽፋል?

ታዲያ ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ከአምስት ትምህርት ቤቶች ጋር አብሮ ለመሥራት ተስማማ። አዲስ ገቢዎች በሒሳብ እየወደቁ አስቸግረውት ኖሯል። አንድ መነጽራም ወጣት መምህር ወፍራም ፖስታ ይዞ ከዚያ ተላከልን። አዲስ ገቢዎች በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈተኑት ፈተና አለ፤ ምርጫ የለውም፣ አሠራሩን ማሳየት ነው። ያመጣልን የእኛን ልጆች ወረቀት ነበር፣ ስማቸው ተሸፍኖ።

«መምህርት፣ እርስዎ ቢያዩት ይሻላል ብዬ ነው» አላት። «እኔ ነገሩ አልገባኝም።»

የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ዙሪያው 34 ሜትር፣ ስፋቱ 60 ካሬ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቦታ ርዝመቱ ስንት ነው? ልጁ ከጥያቄው ሥር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ በገዛ እጁ አራት ምርጫ ጽፏል፦ 8፣ 10፣ 12፣ 14። ሐን ሞክሮ ልክ ሲሆንለት አክብቦበታል። ከታች በደማቁ፦ «መልሱ ሐ ነው።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። ሁለተኛውን ገለጠች፤ እዚያም አራት ፊደል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ከሃያ ስድስቱ አሥራ አንዱ ለራሳቸው ምርጫ ፈጥረዋል። የሚቀጥለው ጥያቄ መልስ ሙሉ ቁጥር አልነበረም፤ አንዱማ አራቱ ፊደል አልበቃ ብሎት ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለ እስከ በ ወርዷል። እዚያ ላይ ሳቄ ቆመ። ልጁ እየደነገጠ ፊደል ሲቆጥር ታየኝ፣ አንጀቴንም በላው።

እሷ ወረቀቶቹን እንደገና ከመጀመሪያው ትገልጣለች። ወጣቱ «ኧረ እርስዎን ለመውቀስ አይደለም» ሲል ጀመረ።

«ተው ልጄ። ጽሕፈቱ የእነሱ ነው፣ ሥራው የእኔ ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ እየሄደች ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ወጣቱ መጥቶ ከእሷ ጋር ያስተምራል። የመጀመሪያ ቀን አርባ ደቂቃ ሙሉ ለልጆቹ ጀርባውን ሰጥቶ ጻፈ፤ ቢያስል ሳሉንም ይገለብጡ ነበር። ሲወጣ «ጎበዝ ነህ» አለችው፤ «ለሰሌዳው በደንብ ገብቶታል።» ፊቱ ቀላና ሳቀ። በሚቀጥለው ረቡዕ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዞረ።

ከዚያ አቋራጩን እተዋለሁ አለች። ችግሩ ወዲህ ነው። ያን ዓመት አንድያ ልጇ የራሷ ተማሪ ነበረች፣ የመጨረሻው ክፍል። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሜትር ይዛ ቤቱን ስትለካ ያደገች፣ አርክቴክቸር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትል ናት። ለፈተናው አራት ወር ቀርቶታል፤ ፈተናው ደግሞ አሁንም ባለ ምርጫ ነው።

አንድ ቀን ልጅቷ በምሳ ሰዓት ወደ መምህራን ክፍሉ መጣች፣ እኔን እንደ ወንበር ቆጥራ። «እማዬ፣ ዘንድሮን ብቻ። በሞቴ! እኔ ልለፍና የፈለግሽውን አድርጊ።»

ልጅቷ ደወል ሲደወል ወጣች።

«እውነቷን ነው፣ ከራስ በላይ ነፋስ» አልኳት። «ደግሞ ካልሆነ እሷን ቤት ውስጥ አቋራጩን አስጠኚያት። ክፍል ውስጥ ሌላ፣ ቤት ሌላ። ማን ያይሻል?»

«አስቤዋለሁ» አለች። «አስቤው አፈርኩ። የሰው ልጅ ላይ እየሞከርኩ የራሴን መደበቅ ነው። ደግሞስ እዚያ ገብታ ምርጫ ፈልጋ ብታጣ ማን ይደርስላታል?»

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩባት። ጽድቅ በልጅ ዕድል ሲሆን ደስ አይልም።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ያንኑ ቦታ ሣለች። «የዙሪያው ግማሽ 17 ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ቢሆኑ ስምንት ተኩል፣ ስምንት ተኩል ይደርሳቸዋል። እኩል ግን አይደሉም። ለአንዱ የጨመርነውን ከሌላው እንቀንሳለን። ለምን?» «ለምን?» ስትል አንድ ክፍለ ጊዜ አለቀ፤ አንድ ጥያቄ! ልጆቹ አጉረመረሙ፤ ስሟንም ለወጡት፦ «ዙሪያ ጥምጥም»። ርእሰ መምህሩ በየሁለት ቀኑ እየመጣ ስለ ጨርቁ ያስታውሳታል።

ውጤት ሲመጣ ትምህርት ቤታችን ሦስተኛ ወጣ፤ ጨርቁ ማንም ሳያዝዝ ወረደ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ አርክቴክቸር ግን በአራት ነጥብ አመለጣት። ያልፈለገችው የትምህርት ክፍል ተመደበች። ሻንጣዋን ይዛ ከቤት እስክትወጣ ድረስ፣ ከወጣችም በኋላ በስልክ፣ ለእናቷ «እሺ» እና «አይ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። እናትየው ጠዋት ገብታ አንገቷን ደፍታ ወረቀት ታርማለች። የጠረጴዛውን ወረቀት ሳይቀር ራሷ መቀየር ጀመረች፤ ያኔ ነው የፈራሁላት።

«አይዞሽ፣ ሳይደግስ አይጣላም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ድግሱን ስታገኘው ጥራኝ።»

ወጣቱ የዘንድሮውን ፖስታ ይዞ ሲመጣ ሦስታችን ከበን ተቀመጥን። እኔ ፊደል እፈልጋለሁ። ከሠላሳ አንዱ ወረቀት ሁለቱ ላይ ብቻ አገኘሁ። ሌሎቹም ቢሆኑ ጉድ አላሰኙም፤ ግማሾቹ ሥራውን ጀምረው መንገድ ላይ ቀርተዋል። ግን በእግራቸው ነው የሄዱት።

አንዱ ወረቀት ላይ እጇ ቆመ። ሰባት ቁጥሩ ወገቡ ላይ ተሰርዟል፤ የልጇ ሰባት ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ። የዘንድሮው ጥያቄም የአራት ማዕዘን ቦታ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ተለውጧል፤ ልጅቷ ቦታውን ሥላለች። ዙሪያውን ለሁለት ከፍላ፣ ለአንዱ ጎን ጨምራ፣ ከሌላው ቀንሳ፣ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች በደቃቁ ጽፋለች። መልሱ ግን ተሳስቷል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ልክ ሊሆን አይችልም፤ መልሼ ሳባዛው ስፋቱን አይሰጠኝም። የተሳሳትኩት ሦስተኛው መስመር ላይ ይመስለኛል። ሰዓት አለቀብኝ።»

«ሙሉ ነጥብ አልሰጠኋትም» አለ ወጣቱ፤ «ግን ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው። ማን እንደሆነች ያውቋታል?»

እናትየው መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ ከቦርሳዋ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሁለት ጊዜ ጠራ።

«አቤት» አለች ልጅቷ፣ በዚያው በደረቁ ድምፅ።

«ሦስተኛው መስመር አይደለም» አለች እናትየው። «ሦስተኛው ልክ ነው። የሳትሽው አራተኛው ላይ ነው።»

ወጣቱ ምን እንደሆነ ገብቶት ወረቀቶቹን ለመሰብሰብ አጎነበሰ። እኔማ ልጅቷ «እሺ» ብላ ስትዘጋው በሐሳቤ ታየኝ።

«እማዬ?» አለች ልጅቷ። «ቆይ፣ እንዳትዘጊው። ወረቀት ላምጣ።»