አንድ ብርጭቆ ለሁለት አፍንጫ

ዱባይ አጠገብ፣ አጅማን ውስጥ የምግብ ዘይት በጠርሙስ በሚያሽግ ፋብሪካ፣ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ኬሚስትሪ ተምሬ የዘይት አሲድ እለካለሁ፣ ቀለሙን አያለሁ፣ ጠብታ በጠብታ እየቆጠርኩ መበላሸቱን እመረምራለሁ። ከመሣሪያ ሁሉ ግን አፍንጫ ይቀድማል። ናሙናው በትንሽ ብርጭቆ ይሞቃል፤ አንዱ አሽትቶ ለሌላው ያቀብላል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሁለተኛው አፍንጫ ዕድሜያቸውን በዘይት መሀል የጨረሱ ህንዳዊ አለቃዬ ነበሩ። ማሽተት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ወረርሽኙ ሲመጣ አገሩ ሁሉ በሩን ዘጋ። ዘይት ግን ይበላል፤ እኛ ሥራ ገባን።

አንድ ጠዋት አል ናህዳ ሰፈር፣ ለስድስት በምንኖርባት ክፍል፣ የፀጉር ቅባቴ ሽታ አጣ። ሳሙና አሸተትኩ፤ ሽንኩርት ቆርጬ አሸተትኩ። ምንም የለም። ዱባይ ማሪና ፅዳት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ከታችኛው አልጋ ታየኝ ነበር።

«ዋላሂ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «ከተናገርሽ ሹግሉም አልጋውም ኸላስ ነው።»

ሥራሽም አልጋሽም ያበቃል ማለቷ ነው፤ እውነቷን ነው። ባለፈው ሳምንት አሞኛል ያለ አሻጊ ወደ ለይቶ ማቆያ ተወስዶ በቦታው ሌላ ሰው ተቀጥሯል። የእኔም ቪዛ እድሳት ላይ ነበር። ፋብሪካው በር ላይ ግንባሬን ለኩኝ፤ ትኩሳት የለኝም፤ አስገቡኝ። ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ዛሬም ያንገሸግሸኛል።

ያን ቀን ቅደም ተከተሉን ገልብጬ የኬሚካል ምርመራውን አስቀደምኩ። የመበላሸቱ ቁጥር ዝቅ ብሎ ጥሩ ወጣ። እሱን ተማምኜ ማስኬን ዝቅ አደረግኩና አፍንጫዬን ብርጭቆው ውስጥ ከተትኩ። በረጅሙ ስቤ አወጣሁ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጥሩ ነው» አልኩና አቀበልኳቸው።

እሳቸውም ማስካቸውን አወረዱ። ብርጭቆውን ገና ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ ፊታቸው ተኮሳተረ። ዘይቱ አርጅቶ ይሰነፍጣል። እጅግ ሲያረጅ ቁጥሩ ተመልሶ እንደሚወርድ፣ ደህና እንደሚመስል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ፍርሃት አስረሳኝ። ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

ቢሮ ይደውላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቅጹ ላይ ዘይቱ ወድቋል ብለው ጻፉና አስፈረሙኝ። ከዚያ ሆዴን አመመኝ ብዬ ፈቃድ እንድጠይቅ፣ እስኪሻለኝ ድረስ እንዳልመጣ ነገሩኝ። የቪዛዬን ነገር ያውቁ ነበር። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ወጣሁ።

ሳምንት ሳይሞላ እሳቸው ታመሙ። ሆስፒታል ገቡ፤ ጠያቂ አይገባም ነበር። ተሽሎኝ ሥራ ስመለስ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሞተዋል። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው፤ አስከሬናቸውን የሸኘ ዘመድ አልነበረም። እኔም አልሄድኩም፤ በምን ዓይኔ?

ከወር በኋላ ሴት ልጃቸው ከህንድ ደወለች። ቁጥሬን ከስልካቸው አግኝታ ነው። ስለ እኔ ያወሯት ነበር፤ ጎበዝ ልጅ አለች ይሏት ነበር። ትንሽ አለቀሰች። አባቴ እኮ በጣም ይጠነቀቅ ነበር አለችኝ፤ አውቶቡስ አይሳፈርም፣ ከሰው ጋር አይበላም፣ ማስኩን አያወልቅም።

«ከማን የያዘው ይመስልሻል?»

«አላውቅም» አልኳት።

እስከ መጨረሻው አጠገባቸው የነበርኩ መስሏት፣ ብቻውን ስላልተውሽው እግዜር ይስጥሽ ብላ አመሰገነችኝ።