ዘመም ያለችው ሰንጢ

ስደተኞች የሚበዙበት ዴም ሰፈር የጎማ ጢስ በሸተተበት ጠዋት፣ ሰርክአዲስ ስሙን የማታውቀው ደንበኛ ትናንት የገዛትን ሰንጢ ይዞ ወደ ሱቋ ተመለሰ። ስለቷ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ዘመም ያለ ነው፤ ለመከፈትም ታስቸግራለች። በዚያ ሙቀት ሻርፑን ከአንገቱ ሳያላላ፣ በላብ በራሰ እጁ ይከፍታታል፣ ይዘጋታል፤ በመሃል ሰልፈኞች ጎማ አቃጥለው የዘጉትን መንገድ ያያል።

«ልለውጥልህ የኔ ወንድም?» አለችው።

«ኢንሻላህ መንገዱ ሲከፈት መኪናችን ወደ ሊቢያ ይነሣል። ሌላዋ ክር ቶሎ ትቆርጣለች?»

«ገመድም ትበጥሳለች! የምን ክር ነው?»

እጁ ሻርፑ ሥር ገብቶ ማተቡን ጨበጠ። «ደላላው ‹በረሃው ላይ ይሄ ያስገድልሃል፣ ቁረጠው› ብሎኛል።»

ሰርክአዲስ ሌላዋን ሰንጢ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም፤ የራሱን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ይችው ትሁነኝ» አለ፤ «ምናልባት እምቢ ትለኝ ይሆናል።»