ዳህላክ ከወደብ ያልወጣችበት ሰኔ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ጀልባ መንገድ ዘጋ። ቀልድ አይደለም። አንድ ሰውዬ ጀልባውን በፒክአፕ እየጎተተ ኦሎምፒክ ጎዳና የትራፊክ መብራት ላይ ሲታጠፍ፣ የተጎታቹ ጎማ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ወጣና ቆመ። ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ክላክሱን ያምባርቃል። እኔ ከሱቅ በርበሬና ቲማቲም ገዝቼ እየወጣሁ ነበር። ሰው ሁሉ ሾፌሩን ሲያይ እኔ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ የጀልባዋን ሆድ ማየት ጀመርኩ፤ በጣቴ አጥንትም አንኳኳኋት። ሾፌሩ ምን ፈልገህ ነው በሚል ዓይን ሲያየኝ ይቅርታ ጠይቄው መንገዴን ቀጠልኩ። ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ፤ ወሬው ግን እጄ ጋ ገና አልደረሰም።

ቤቴ እዚያው አጠገብ፣ ፒኮ ሮበርትሰን ስለሆነ በእግሬ ነው የምመላለሰው። ያን ቀን እስከ ቤቴ ድረስ የማስበው ስለ ጋሼ መኮንን ነበር።

ከሎንግ ቢች ዳርቻ ቆሞ ወደ ውቅያኖሱ ያየ ሰው፣ ጉም ከሌለ፣ ሩቅ ላይ የብረት ማማዎች ያያል። ነዳጅ የሚወጣባቸው ናቸው። እዚያ ላይ ሰው ይሠራል፤ ሰው ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ቧንቧ ይሰበርበታል፣ ተራው ሲደርስ ወደ ልጆቹ መመለስ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያመላልሱ የሥራ ጀልባዎች አሉ። የማማዎቹ ባለቤቶች አንድን ጀልባ ከመቅጠራቸው በፊት መርማሪ ይልካሉ። ወጣት ሳለሁ ያ መርማሪ እኔ ነበርኩ። የነፍስ አድን ጃኬቱን፣ ፓምፑን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ በሮቹ ውኃ አለማስገባታቸውን አያለሁ፤ ከሁሉም በኋላ ወደ ታች ወርጄ የጀልባዋን ብረት በመዶሻ እየመታሁ አዳምጣለሁ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ድምፁ ጥርት ይላል። የታመመ ብረት ድምፁ ይታፈናል።

«ኑሩ፣ የደሴ ልጅ ባሕር ላይ ምን አመጣህ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ሁልጊዜ ጋሼ መኮንን ነበሩ። አገር ቤት ብየዳ ተምሬያለሁ። እዚህ መጥቼ ኮሪያታውን ውስጥ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ተዳብዬ ስኖር፣ ቀን ቀን የሰው መኪና ፓርክ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ፌርፋክስ ላይ፣ ሰፈሩ ገና በኢትዮጵያ ስም መጠራት ሳይጀምር፣ ምሳ ስበላ ጋሼ እጄ ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ አይተው «በያጅ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ሳን ፔድሮ ወደሚገኝ የጀልባ ጥገና ግቢ ይዘውኝ ሄዱ። ብየዳ የጀመርኩት እዚያ ነው፤ ኋላም አንዲት ትንሽ የምርመራ ቢሮ ወስዳ አሠለጠነችኝ። መርማሪ የሆንኩ ዕለት ከእኔ ይልቅ የተደሰቱት እሳቸው ነበሩ።

ጋሼ መኮንን ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መሐንዲስ ነበሩ። ረጅም፣ ጀርባቸው የማይጎብጥ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው። እዚህ መጥተው በሰው ጀልባ ላይ ገመድ ከመሳብ ተነስተው ካፒቴን ሆኑ፤ በመጨረሻም አንዲት ያረጀች የብረት ጀልባ የራሳቸው አደረጉ። ስሟን በምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ስም ዳህላክ አሏት። በእንግሊዝኛው ፊደል ሥር በአማርኛም በእጃቸው ጽፈውበታል። «አገሬ ባሕር አጣች፤ እኔ ግን አላጣሁም» ይሉ ነበር። አንድ ልጃቸው ዮናስ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ የሞላው አይመስለኝም፤ ሞተር ክፍል ውስጥ ከአባቱ ጋር ይሠራል። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ደግሞ በየዓሥራ አምስት ቀኑ ቤታቸው ጠርተው ያበሉኛል፤ እኔ ሙስሊም መሆኔን አስበው ለብቻዬ ሥጋ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ይገዙ ነበር።

በዚያ ሰኔ ዳህላክ አዲስ ሥራ አገኘች፤ ሠራተኞችን ወደ ማማዎቹ ማመላለስ። መርማሪ ሲመደብ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ለአለቃዬ ሰውየውን እንደማውቃቸው ነገርኩት፤ ሌላ ሰው አልነበረም፤ «ያየኸውን ጻፍ» ብቻ አለኝ።

የሎስ አንጀለስ ሰኔ ፀሐይ የለውም። ጠዋት ላይ ከባሕሩ ግራጫ ጉም ይነሳና ከተማውን ይሸፍነዋል። በሃርበር ፍሪዌይ ወደ ወደቡ ስወርድ መግቢያው ላይ ያለው አረንጓዴ ድልድይ ከወገቡ በላይ አይታይም ነበር። ጋሼ መኮንን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁኝ። የሰኔ ጾም ስለነበር ዓሣ በአዋዜ ጠብሰው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ጀልባዋ ላይ አቅርበዋል። ከምርመራው በፊት እንደማልበላ ነገርኳቸው። «ጥሩ ልማድ ነው» አሉኝ፤ የተቀየሙ አልመሰለኝም።

ላይ ላዩ ሁሉ ደህና ነበር። እንዲያውም ከአዲስ ጀልባ ይሻል ነበር፤ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ጃኬቱ ታጥቦ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ዮናስ ፓምፑን አስነስቶ አሳየኝ፤ እሱም ሠራ። ከዚያ የሞተር ክፍሉን ወለል አንስቼ መዶሻዬን ይዤ ወረድኩ። ድምፁ ጥርት፣ ጥርት እያለ መጣና አንድ ቦታ ላይ ድፍን አለ። ባትሪዬን ሳበራ የዘይት ጨርቅ ተነጥፎበታል። ጨርቁን ሳነሳው ከሥሩ ሲሚንቶ አገኘሁ፤ በመዳፍ የተለሰነ፣ የጣት ምልክት ያለበት ሲሚንቶ። ዙሪያውን ስፍቀው ዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። በመለኪያ መሣሪያው ለካሁት፤ ላሜራው ከነበረው ውፍረት ግማሹ እንኳ አልቀረም። ካርቶን በሉት።

ሲሚንቶ ወንጀል አይደለም። ባሕር ላይ ያለ ሰው ጀልባው ቢቀደድበት ወደብ እስኪደርስ ያፈስሳል፤ ነፍስም ያድናል። ግን ወደብ እስኪደርስ ነው። ሲሚንቶው በለቀቀ ጊዜ ውኃው መጀመሪያ የሚገባው ሞተር ክፍል ነው፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ፓምፑ ይቆማል። ከዚያ ክፍል የምታወጣው አንዲት ጠባብ መሰላል ናት። መሰላሉ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ዮናስ ነበር።

ዮናስ ውጭ እንዲጠብቀን ነግሬው ጋሼን ጠራኋቸው። ወርደው ጨርቁ መነሳቱን አዩ። ጎንበስ ብለው ሲሚንቶውን በመዳፋቸው ነኩት።

«ይቺን ሰመር ብቻ፣ ኑሩ» አሉኝ። «መስከረም ላይ አወጣትና ሆዷን በሙሉ እቀይረዋለሁ። እኔ አልዋሽህም።»

«እንደማይዋሹኝ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ባሕሩ እስከ መስከረም ይታገሳል ብዬ ግን መፈረም አልችልም።»

«ሶ፣ ፌይል ልታደርገኝ ነው?»

«እርስዎን አይደለም፤ ጀልባዋን ነው።»

«ልዩነቱን አንተ ታውቀዋለህ» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ላይ ወጡ። ስወጣ ዓሣው ቀዝቅዟል። ማንም አልነካውም። ዳህላክ ተጠግና እንደገና ሳትታይ ከወደብ እንዳትወጣ ብዬ ጻፍኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ጉሙ ተነስቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ መስኮቱን መክፈት እንኳ ትዝ አላለኝም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ፌርፋክስ ደረሰ። ባሕር ላይ የሚሠራ ሐበሻ ጥቂት ነው፤ የጋሼን ደግነት ያልቀመሰ ደግሞ የለም። ምግብ ቤት ስገባ ወንበር የሚስብልኝ ጠፋ። አንዱ ጓደኛዬ አሜሪካ ገብቼ ሰውነቴን እንደረሳሁ በቀጥታ ነገረኝ። ሌሎቹ ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው ግን የእነሱ ነገር አይደለም። አንዴ ከምጽዋ ባሕር የተለየውን፣ እጄን ይዞ ሥራ ያስገባኝን ሰው፣ አሁን ደግሞ እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ከባሕር ያስወጣሁት መስሎ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎች ጠሩን። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፌርፋክስ ላይ ባለ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጋሼ መኮንን በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው። ሽማግሌዎቹ መልካም ሰዎች ነበሩ፤ ጀልባ ግን አያውቁም። ብረት ትንሽ ሳሳ ተብሎ የሰው ቤት አይፈርስም፣ ልጅ አባቱን ቢያስቀድም ነውር የለውም አሉኝ። እኔም በምችለው አስረዳሁ፤ የጀልባ ሆድ እንደ ቤት ጣሪያ እንዳልሆነ፣ ጣሪያ ቢያፈስ ባልዲ እንደሚደቀን፣ ባሕር ግን ባልዲ እንደሌለው ነገርኳቸው። ስለ ሲሚንቶው አልተናገርኩም። እሱን መናገር የእሳቸው ፈንታ ነው ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ዓይናቸውን ከጠረጴዛው አላነሱም።

በዚህ መሃል ማንም ያልጠራቸው እትዬ ዘውዴ ገቡ። ነጠላቸውን አላወለቁም፤ አልተቀመጡምም። ከዮናስ የሰሙት ነገር እንዳለ ፊታቸው ይናገር ነበር።

«ሲሚንቶ አፍስሰህበታል?» አሉ ባላቸውን።

ጋሼ ቀና አላሉም።

«ልጄ እታች እያለ?»

«አዎ» አሉ ጋሼ መኮንን።

እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ ዞሩ። «ኑሩ፣ ብትሄድ ትሰምጥ ነበር?»

ሁሉም አዩኝ። አዎ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር። ግን የማውቀው ያን አይደለም። የማውቀው ብረቱን ነው።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኩ። «ምናልባት እስከ መስከረም ትቆይ ነበር። ምናልባት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት። እኔ የማውቀው፣ ሰው ልናሳፍርባት እንደማይገባ ነው።»

ጋሼ መኮንን ያን ጊዜ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። ኮፍያቸውን አነሱ፣ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሱ፣ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ወጡ። እኔን አልጨበጡኝም። እርቅ አልሆነም፤ ጠብም አልተባለም።

ዳህላክን መጠገን የሚያዋጣ አልሆነም። በዚያው ክረምት ተቆራርጣ ለብረት ሄደች። ጋሼ የኤርፖርት ሻትል ድራይቭ ማድረግ ጀመሩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እቆማለሁ፣ አጎነብሳለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ቃል ግን ከአፋቸው አይወጣም።

አንድ ዓመት ያህል አልፎ ዮናስ ደወለልኝ። ሌላ ጀልባ ላይ ሥራ አግኝቷል፤ በማግስቱ ሊሳፈር ነው። ቢሮዬ የማያውቃት ጀልባ ነበረች፤ ለምን እንደደወለልኝ ጠየቅሁት።

«አባዬ ነው» አለኝ። «ኑሩ ሳያያት እግርህን እንዳታነሳ አለኝ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ባለቤቶቹን አስፈቅጄ ሄድኩ፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አየኋት፣ እያንዳንዱን ላሜራ መትቼ አዳመጥኩ። ጤነኛ ነበረች። «ሂድ» አልኩት፤ ለአባቱም ሰላምታዬን እንዲያደርስ ነገርኩት። መልስ አልመጣም። ዮናስ ግን ጀልባ በቀየረ ቁጥር ይደውልልኝ ነበር፤ ሁልጊዜም «አባዬ ነው» ይለኛል። ጋሼ መኮንን እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ ኖርን። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ሳለሁ፣ እትዬ ዘውዴ መጥተው እጄን ይዘው ከቤተሰቡ ጎን አቆሙኝ።

የእኔ ሥራ ፍሬው የማይታይ ሥራ ነበር። ያልሰመጠ ጀልባ ወሬ የለውም፤ ሳይሞት የቀረ ሰውም መትረፉን አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። በዚህ ብዙ ዓመት ከራሴ ጋር ስከራከር ኖሬ አሁን ትቼዋለሁ። የጋሼ መኮንንን ነገር ግን አልተውኩትም። ወጣት ሳለሁ ይቅርታና እምነት አብረው የሚሄዱ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው የሚከተል ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ይቅርታውን ነፍገውኝ ልጃቸውን አደራ ሰጡኝ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የደረሰኝን አደራ አልለውጠውም፤ የከበደው እሱ ነው። ቢሆንም አንድ ቀን፣ መንገድ ላይ ስንተላለፍ፣ «ኑሩ» ብለው በስሜ ጠርተውኝ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር።