የሙሽራ መኪናዬን አፍንጫ የደፈኑት ሚዜዎች

ዛሬ ሳሪስ ላይ ለሰርግ ያዋስኳት አሮጌ የጀርመን መኪናዬ ሙሽሮቹን እንደጫነች ፈልታ ቆመች። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል።

ሚዜ ተብዬዎቹ ከበቡኝ። አንዱ «ካንዴላ ነው፣ ይፍቱት አባባ» ይለኛል። ሌላው «ሞተሩ ነክሷል፣ ከእንግዲህ አይዞርም፣ ሌላ መኪና እንጥራ» ይላል። መሪ ጨብጠው የማያውቁ!

ጠዋት ቃሊቲ ላይ የመኪናዬን ፊት በአበባና በጨርቅ የደፈኑት እነሱው ናቸው። አየር ካልገባ ራዲያተሩ በምን ይቀዝቅዝ?

«አበባውን አንሱት» ብላቸው «ቪዲዮው ይበላሻል» አሉኝ። ሞተሬ ይንከስ፣ ቪዲዮው ይመርላቸው!

ሙሽሪት በቬሎዋ ወረደች። «ቄሶቹ እየጠበቁን ለቪዲዮ ታለቅሳላችሁ?» ብላ አበባውን ገነጣጥላ አንዱን ሚዜ አሸከመችው። ከሁሉም ወንድ የሆነችው እሷ ነበረች።

መኪናዬ ስትበርድ ውሃ አጠጣኋት፣ ቤተክርስቲያን ደረስን።

እናንተስ መኪና ለሰርግ አውሳችሁ ምን አድርገው መለሱላችሁ? ጻፉልኝ፤ ፊደል ባልቆጥርም ይህን እንዳስጻፍኩት ሁሉ አስነብቤ እሰማለሁ።